ያረጀ ሕዋስ ስንት ይተነፍሳል? ከሐዋሳ ቤተ ሙከራ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት መጀመሪያ

ዕቅዱ ጸድቆ ሥራው ተጀምሯል። ባጭሩ ለመግለጽ፣ አንድ ዓይነት የሰው ሕዋስ ከወጣትነቱ አንሥቶ መከፋፈል እስኪያቆም ድረስ በፍላስክ ውስጥ እናሳድጋለን፤ በየዕድሜው ደረጃም የሕዋሱ ኃይል ማመንጫ የሆነው ሚቶኮንድሪያ ምን ያህል ኦክስጅን እንደሚጠቀም፣ በውስጠኛው ስስ ሽፋኑ ላይ ምን ያህል የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ እንደሚይዝ፣ ከሚጠቀመውም ኦክስጅን ምን ያህሉ ኤቲፒ (ሕዋሱ ለሥራው ሁሉ የሚጠቀምበትን ኃይል ተሸካሚ ሞለኪውል) ለመሥራት እንደሚውልና ምን ያህሉ በከንቱ እንደሚባክን እንለካለን። ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ በሌሎች አገሮች በብዙ እጅ ተሠርቷል። የእኛ ፍላጎት እዚሁ ሐዋሳ፣ ባለን መሣሪያ፣ እምነት የሚጣልበት ቁጥር ማውጣት ይቻል እንደሆነ ማየትና ከእኛ ቀጥለው ለሚመጡ ተማሪዎች መነሻ የሚሆን አሠራር መተው ነው።

የመረጥነው ሕዋስ ኤምአርሲ-5 ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1966 በእንግሊዝ አገር ከአንድ የ14 ሳምንት ፅንስ ሳንባ የተወሰደ ፋይብሮብላስት (የአካል ክፍሎችን የሚያያይዘው ሕብረ ሕዋስ ሕዋስ) ሲሆን፣ ለበርካታ ክትባቶች የቫይረስ ማሳደጊያ ሆኖ ሲያገለግል ቆይቷል። ለእርጅና ጥናት የሚመረጠው የታወቀ ወሰን ስላለው ነው፤ ከ42 እስከ 46 ጊዜ ያህል እጥፍ ከሆነ በኋላ መከፋፈሉን ያቆማል። በየቤተ ሙከራው በብዛት የሚገኙት የካንሰር ሕዋሳት ለእንዲህ ያለው ጥያቄ አይሆኑም። አብዛኞቹ ቴሎሜራቸውን፣ ማለትም የክሮሞዞማቸውን ጫፍ፣ የሚያድስ ኢንዛይም ስላላቸው፣ ምግብና ቦታ እስካገኙ ድረስ መከፋፈላቸውን አያቋርጡም።

ሕዋስ የማያረጅ መስሎ የታየበት ዘመን ነበር። አሌክሲስ ካሬል እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ ከጫጩት ልብ የወሰደውን ሕዋስ ያለ ማቋረጥ እንደሚያሳድግ ስላስታወቀ፣ እርጅና የአካል እንጂ የሕዋስ ጉዳይ አይደለም የሚለው እምነት ለረጅም ዓመታት ጸንቶ ቆየ። ሌናርድ ሄይፍሊክና ፖል ሙርሄድ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተሙት ሥራ ግን ጤናማ የሰው ሕዋስ የተወሰነ ጊዜ ብቻ ተከፋፍሎ እንደሚያቆም አሳዩ። ምክንያቱን በሐሳብ ደረጃ ያስቀመጠው አሌክሲ ኦሎቭኒኮቭ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1971 የክሮሞዞም ጫፍ በየክፍፍሉ እያጠረ መሄድ አለበት ብሎ ጻፈ። በኋላ እንደተረጋገጠውም በሰው ፋይብሮብላስት ውስጥ ይህ ጫፍ በእያንዳንዱ ክፍፍል ከ50 እስከ 200 የሚሆኑ የዲኤንኤ ጥንዶችን ያጣል።

ለመዝገቡ አንድ ሥርዓት ከአሁኑ ተወስኗል። የሕዋሱ ዕድሜ የሚጻፈው በፓሳጅ ቁጥር ሳይሆን በእጥፍ ቁጥር ነው። ፓሳጅ የሚነግረን ሕዋሱ ስንት ጊዜ ከፍላስክ ወደ ፍላስክ እንደተዛወረ ብቻ ነው፤ አንዱ ተማሪ ለሁለት፣ ሌላው ለስምንት ከፍሎ ሊያዛውር ስለሚችል፣ ሁለቱ "ፓሳጅ 20" ብለው የሚጽፉት ዕድሜ ፈጽሞ አይገናኝም። በእጥፍ ሲቆጠር ግን 500,000 ሕዋስ ተዘርቶ 2,000,000 ከተሰበሰበ ሁለት ጊዜ እጥፍ ሆኗል ማለት ነው፤ ማንም ቢሠራው ስሌቱ አንድ ነው።

ጥቅምት መጨረሻ

ሕዋሱ ከፈሳሽ ናይትሮጅን ወጥቶ በ37 ዲግሪ ውኃ ውስጥ ቀለጠ፤ በቅዝቃዜው ወቅት የጠበቀው ዲኤምኤስኦ የተባለ ኬሚካል በሴንትሪፊዩጅ ከተወገደለት በኋላ በ10 በመቶ ሴረም (የደም ፈሳሽ ክፍል) በበለጸገ ሚዲያ፣ ማለትም በማሳደጊያ ፈሳሽ፣ ተዘራ። በማግስቱ በማይክሮስኮፕ ስናየው አብዛኛው ከፍላስኩ ወለል ጋር ተጣብቆ፣ ጫፍና ጫፉ የሾለ ቀጭን ቅርጹን ይዞ ነበር። እዚህ ድረስ የሚያስጨንቅ ነገር አልነበረም።

ያስጨነቀን የሚዲያው ቀለም ነው። በሚዲያው ውስጥ ያለው ፌኖል ሬድ የተባለ ቀለም አሲድነት ሲበዛ ወደ ቢጫ፣ ሲቀንስ ደግሞ ወደ ሐምራዊ ያደላል። በኢንኩቤተሩ ውስጥ ያደረው የእኛ ሚዲያ ከሚፈለገው ቀይ ይልቅ ወደ ሮዝ ያዘነበለ ነበር። የኢንኩቤተሩ መስኮት 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይላል፤ በውጭ የጋዝ መለኪያ ብንፈትሸውም ያው 5 በመቶ ሆነ። ሚዲያው አዲስ ነው፤ አሲዱን የሚያመጣጥነው ባይካርቦኔትም በልኩ ነው። ሁሉም ትክክል ሆኖ ቀለሙ ትክክል አይደለም።

መልሱ ያለው ከተማችን በቆመችበት ከፍታ ላይ ነው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 760 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ወደ 620 ያህል ዝቅ ይላል። በፈሳሹ ውስጥ ተሟሙቶ አሲድ የሚያደርገው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን የሚወሰነው ደግሞ በመቶኛው ሳይሆን በግፊቱ ነው። የ760 አምስት በመቶ 38 ነው፤ የ620 አምስት በመቶ 31 ነው። ይህ ልዩነት ብቻውን የሚዲያውን ፒኤች (አሲድነት ሲቀንስ ከፍ የሚለውን መለኪያ) በ0.09 ያህል ከፍ ያደርገዋል። ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን የሚቶኮንድሪያ ሥራ መሠረቱ የሃይድሮጅን አየኖች በሽፋን ወዲያና ወዲህ የሚያሳዩት የመጠን ልዩነት ስለሆነ፣ በዚህ ጥናት ውስጥ ፒኤችን እንደ ጥቂት ነገር ማለፍ አይቻልም። ኢንኩቤተሩን ከ6 በመቶ ጥቂት ከፍ ወዳለ ልክ አዛወርነው፤ ቀለሙም ተመለሰ። "5 በመቶ" የሚለው መመሪያ ባሕር ዳርቻ ላሉ ሰዎች የተጻፈ መሆኑን በኢንኩቤተሩ በር ላይ በወረቀት ጽፈን ለጥፈናል።

ይኸው ስሌት ለኦክስጅንም ይሠራል። እዚህ የምንተነፍሰው አየር እንደ ማንኛውም ቦታ ወደ 21 በመቶ የሚጠጋ ኦክስጅን አለው፤ ግፊቱ ግን 130 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ገደማ ነው፤ በባሕር ዳርቻ 159 ነው። የእኛ ሕዋሳት በባሕር ዳርቻ ቢሆኑ 17 በመቶ ኦክስጅን ባለበት አየር ውስጥ የሚኖሩ ያህል ናቸው። ይህን ለጊዜው በመዝገቡ ላይ አስፍረነዋል፤ ወደፊት እንመለስበታለን።

ኅዳር

ሥራው ወደ ዕለታዊ ልማድ ገብቷል። ሕዋሱ የፍላስኩን ወለል ሰማንያ በመቶ ያህል ሲሸፍን ትሪፕሲን በተባለ ኢንዛይም ይነቀላል፣ ትራይፓን ብሉ በተባለ ቀለም ይቀለማል፣ በመቁጠሪያው መስታወት ላይ ይቆጠራል፣ ይመዘገባል፣ እንደገናም ይዘራል። ሰማያዊ የሆነው የሞተ ነው፤ ያልቀለመው ሕያው ነው።

የመብራት መቆራረጥ የሚጠበቅ ስለነበር ጄነሬተር አለ፤ ጄነሬተሩ እስኪነሣ ድረስ ግን ክፍተት አለ። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የቤተ ሙከራው አንጋፋ ቴክኒሺያን ለዚህ ያላቸው መመሪያ አንድ ነው፦ "ልጄ፣ መብራት ሲሄድ የመጀመሪያው ሥራ በሩን አለመክፈት ነው።" ትክክል ናቸው። ኢንኩቤተሩ በውኃ ጃኬት የተከበበ በመሆኑ በሩ እስካልተከፈተ ድረስ ሙቀቱ በዝግታ ነው የሚወርደው። በሩን ከፍቶ "ሕዋሶቼ እንዴት ሆኑ" ብሎ ማየት ግን ሙቀቱንም፣ እርጥበቱንም፣ ጋዙንም በአንድ ጊዜ ያስወጣል። የእኛ ኢንኩቤተር የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያው በአየሩ ሙቀት የማስተላለፍ ችሎታ የሚሠራ ዓይነት ስለሆነ ደግሞ፣ እርጥበቱ ሳይመለስ የሚያሳየውን ቁጥር ማመን አይገባም።

የማይኮፕላዝማ ምርመራ በየወሩ ይደረጋል። ይህ ባክቴሪያ ሚዲያውን አያደፈርስም፣ በተራ ማይክሮስኮፕም አይታይም፤ ነገር ግን የራሱ ኢንዛይሞች ስላሉት የሜታቦሊዝም ልኬታችንን ሁሉ ያበላሻል። እስካሁን ንጹሕ ነው።

ታኅሣሥና ጥር

ስለነዚህ ወራት ብዙ የሚጻፍ የለም፤ ሕዋሱ ይከፋፈላል፣ እኛም እንቆጥራለን። በየእርከኑ የተወሰነው እየቀዘቀዘ በናይትሮጅን ውስጥ ተቀምጧል፤ ይህም ወጣቱንና ያረጀውን በአንድ ቀን፣ በአንድ ሚዲያና በአንድ እጅ ለመለካት ያስችለናል። የታኅሣሥ ገብርኤል ሲነግሥ ከተማው በእንግዳ ስለሚሞላና መንገዱ ስለሚጨናነቅ፣ ሚዲያ የመቀየሩ ሥራ በዋዜማው ተጠናቋል፤ የጥምቀትም እንዲሁ። ሕዋስ በዓል አያውቅም ይላሉ ጋሼ።

ከዚሁ ጎን ለጎን አንድ ሁለተኛ መስመር ጀምረናል። ከወጣቱ ሕዋስ ግማሹ ናይትሮጅን እየተነፋ ኦክስጅኑ 3 በመቶ አካባቢ በሚጠበቅበት ዝግ ሣጥን ውስጥ ገብቷል። ፓከርና ፉር እ.ኤ.አ. በ1977 ዝቅ ባለ ኦክስጅን ያደገ የሰው ፋይብሮብላስት ከሌላው የበለጠ ጊዜ እንደሚከፋፈል ካሳዩ ወዲህ፣ በተራ አየር የሚያድግ ሕዋስ ከሚገባው በላይ ኦክስጅን እንደሚጋፈጥ የታወቀ ነው። በሰውነታችን ውስጥ አብዛኛው ሕብረ ሕዋስ የሚያገኘው የኦክስጅን ግፊት ከውጭው አየር እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ ፍላስክ ውስጥ የምናየው እርጅና የቴሎሜራ ብቻ ነው ወይስ የኦክስጅንም ጫና አለበት የሚለውን ያለዚህ መስመር መለየት አይቻልም።

የካቲት

የሕዋሱ ክፍፍል ቀስ እያለ መጥቷል። ቀድሞ በጥቂት ቀናት ወለሉን ይሸፍን የነበረው ፍላስክ አሁን ሳምንት አልፎት እንኳ ክፍት ቦታ ይታይበታል። የሕዋሱ ቅርጽም ተለውጧል፤ እንደ ዓሣ መንጋ በአንድ አቅጣጫ ይሰለፍ የነበረው ቀጭን ሕዋስ ተንጣሎ፣ ጠፍጣፋና ሰፊ ሆኗል፤ በውስጡ ጥቃቅን ከረጢቶችና ጥራጥሬዎች ይታያሉ።

ለማረጋገጥ የቤታ-ጋላክቶሲዴዝ ቀለም ሠራን። ዲምሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1995 ያስተዋወቁት ይህ ዘዴ የሚሠራው ያረጀ ሕዋስ ሊሶዞሙ (ቆሻሻ የሚፈጭበት ከረጢት) ስለሚበዛ፣ በተለምዶ ይበልጥ በአሲዳማ ልክ ብቻ የሚታየው ይህ ኢንዛይም በፒኤች 6.0 እንኳ ኤክስ-ጋል የተባለውን ንጥረ ነገር ሰብሮ ሰማያዊ ቀለም ለመስጠት ስለሚበቃ ነው። ሁለት ጥንቃቄዎች አሉት። አንደኛ፣ ሳህኑ የሚያድረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሌለው ተራ ማሞቂያ ውስጥ ነው፤ አለዚያ ጋዙ የፈሳሹን ፒኤች ያወርድና ወጣቱም ሰማያዊ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ተጨናንቆ የቆየ ወጣት ሕዋስም ሊቀልም ስለሚችል፣ ንጽጽሩ መደረግ ያለበት ወለሉን ባልሸፈኑ ሳህኖች ላይ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ያየነው ይህ ነው። በወጣቱ ሳህን ላይ እዚህም እዚያም አንድ ሁለት ሰማያዊ ሕዋስ ነበር። ባረጀው ሳህን ላይ ግን ከአስኳሉ ዙሪያ የተከማቸ ደመናማ ሰማያዊ በአብዛኛዎቹ ሕዋሳት ውስጥ ይታይ ነበር፤ ከመካከላቸውም አንዳንዶቹ ሁለት አስኳል ነበራቸው። የእጥፍ ቁጥሩም በአርባዎቹ ውስጥ ገብቷል፤ ከሚጠበቀው ጋር ይስማማል።

እዚህ ላይ አማካሪዬ ያነሡት ጥያቄ ዕቅዱን አስለውጦናል። "ያረጀው መከፋፈል አቁሟል፤ ወጣቱ እየተከፋፈለ ነው። ታዲያ የምታገኙት ልዩነት የእርጅና ነው ወይስ የመቆም?" አሉን። በእርግጥም የሚከፋፈል ሕዋስ ለግንባታ የሚያስፈልገውን ሁሉ በብዛት ስለሚያመርት ሜታቦሊዝሙ ከቆመ ሕዋስ የተለየ ነው። ስለዚህ ሦስተኛ ቡድን ጨምረናል፦ ሴረም የተቀነሰበት፣ በጊዜያዊነት መከፋፈሉን ያቆመ ነገር ግን ያላረጀ ወጣት ሕዋስ። ሴረም ሲመለስለት እንደገና መከፋፈል መቻሉ ከያረጀው ይለየዋል። ይህ ቡድን ሳይኖር የታተመ ንጽጽር ሳነብ ከዚህ በኋላ በጥርጣሬ ነው የማየው።

መጋቢት

የመጀመሪያው የሚቶኮንድሪያ ልኬት በኤምቲቲ ተሠራ። ኤምቲቲ ቢጫ ጨው ነው፤ በሕያው ሕዋስ ውስጥ ሲገባ ኤሌክትሮን ተቀብሎ ሐምራዊ ክሪስታል ይሆናል፤ ክሪስታሉ ተሟሙቶ ቀለሙ ይነበባል። ርካሽ ነው፣ በየቦታው አለ፤ ስለዚህም "የሚቶኮንድሪያ መለኪያ" እየተባለ ያለ ጥንቃቄ ይጠቀሳል። እንዲያውም ቀለሙን የሚያወጡት ኢንዛይሞች ብዙዎቹ ከሚቶኮንድሪያ ውጭ ያሉ ናቸው።

ውጤቱ እንግዳ ነገር ይዞ መጣ። ቀለሙ በሕዋስ ቁጥር ሲካፈል ያረጀው ከወጣቱ በግልጽ በለጠ። ይህን እንዳለ የሚያነብ ሰው ሕዋስ ሲያረጅ ይበረታል ብሎ ሊደመድም ነው። ነገር ግን ያረጀው ሕዋስ ትልቅ ነው፤ በውስጡ ያለው ሁሉ በዝቷል። ያንኑ ንባብ በፕሮቲን መጠን ስናካፍለው ልዩነቱ ጠፋ ማለት ይቻላል። የሚቶኮንድሪያን ብዛት በሚያመለክተው በሲትሬት ሲንቴዝ ኢንዛይም ስናካፍለው ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ፤ ወጣቱ በለጠ። አንድ ሳህን፣ አንድ ንባብ፣ ሦስት መደምደሚያ። በጥቅምት የሚዲያው ቀለም ያስተማረን ነገር በሌላ መልክ ተመልሶ መጥቷል ማለት ነው፤ "ስንት" ከማለት በፊት "ከምን" ማለት ይገባል።

ሦስቱም ቁጥሮች እውነት መሆናቸውን ግን መካድ አይቻልም። በሕዋስ ሲካፈል የሚነግረን አንድ ያረጀ ሕዋስ በዙሪያው ካለው ምግብና ኦክስጅን ምን ያህል እንደሚወስድ ነው፤ ይህም ለጎረቤቶቹ ሕዋሳት ትርጉም አለው። በሲትሬት ሲንቴዝ ሲካፈል የሚነግረን እያንዳንዱ ሚቶኮንድሪያ ምን ያህል እንደሚሠራ ነው። ስህተቱ የሚመጣው አንዱን ለክቶ ስለ ሌላው ሲጻፍ ነው።

የቮልቴጁ ልኬት በቲኤምአርኤም ቀለም ተከናውኗል። የሚቶኮንድሪያ ውስጠኛ ሽፋን ከ150 እስከ 180 ሚሊቮልት የሚደርስ ኃይል ስለሚይዝ፣ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ይህ ቀለም ወደ ውስጥ ተስቦ ይከማቻል፤ ቮልቴጁ ሲወርድ ክምችቱም ይቀንሳል። በፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ሲታይ የወጣቱ ሚቶኮንድሪያ እንደ ክር የረዘመና ደማቅ ነው። ያረጀው ሕዋስ ውስጥ ቁጥሩ ብዙ፣ አንዳንዱም እጅግ የረዘመና የተጠላለፈ፣ ድምቀቱ ግን ያነሰ ነው።

ለዚህ ሥራ ሁለት ማወዳደሪያዎች ግድ ናቸው። ያረጀ ሕዋስ ሊፖፈስሲን የተባለ፣ ፈርሶ ያላለቀ የፕሮቲንና የስብ ቅሪት ያከማቻል፤ ይህ ቅሪት ቀለም ሳይጨመርበት በራሱ ያበራል። ስለዚህ ምንም ያልተቀለመ ያረጀ ሕዋስ አብሮ ካልታየ፣ የቅሪቱ ብርሃን የሚቶኮንድሪያ ብርሃን ተብሎ ይመዘገባል። ሁለተኛው ማወዳደሪያ ኤፍሲሲፒ ነው፤ ይህ ንጥረ ነገር ሽፋኑን ለሃይድሮጅን አየን ክፍት አድርጎ ቮልቴጁን ያጠፋል። ከእርሱ በኋላ የሚቀረው ብርሃን ከቮልቴጅ የመጣ አይደለም፤ ስለዚህ ከንባቡ ይቀነሳል።

ሚያዝያ

ዋናው ልኬት በኦክስጅን ኤሌክትሮድ ነው። መሣሪያው ቀላል ነው፤ ሕዋሱ በፈሳሽ ውስጥ ተንሳፍፎ በትንሽ ዝግ ክፍል ውስጥ ይዞራል፣ ኤሌክትሮዱም ኦክስጅኑ በየሰከንዱ እየቀነሰ ሲሄድ ይመዘግባል። መለኪያው የሚስተካከለው አየር በጠገበ ውኃ ነው። እዚህም ከፍታው ቆሞ ጠበቀን። በ37 ዲግሪ አየር የጠገበ ንጹሕ ውኃ በባሕር ዳርቻ በሊትር 210 ማይክሮሞል ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ በሐዋሳ ግፊት ግን 170 አካባቢ ነው። የኮምፒውተሩ ፕሮግራም የባሕር ዳርቻውን ቁጥር በነባሪነት ስለያዘ፣ ካልተለወጠ በቀር ከዚህ የሚወጣው የፍጆታ ቁጥር ሁሉ ወደ ሩብ በሚጠጋ መጠን ተጋንኖ ይወጣል። ወጣቱና ያረጀው እኩል ስለሚጋነኑ ንጽጽሩ አይበላሽም፤ ከሌላ አገር ቁጥር ጋር ለማስተያየት ሲሞከር ግን ይበላሻል። የከተማውን ግፊት በባሮሜትር ለክተን አስገብተናል።

የልኬቱ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ሕዋሱ ምንም ሳይነካ የሚጠቀመው ኦክስጅን ይነበባል። ቀጥሎ ኦሊጎማይሲን ይገባል፤ ይህ ኤቲፒ የሚሠራውን ኢንዛይም ይዘጋል። ፒተር ሚቸል እ.ኤ.አ. በ1961 ባቀረበውና በ1978 የኖቤል ሽልማት ባገኘበት ሐሳብ መሠረት፣ ሚቶኮንድሪያው የሃይድሮጅን አየን ወደ ውጭ እየገፋ ያጠራቅምና በዚያው ኢንዛይም በኩል ሲመለስ ኤቲፒ ይሠራል፤ ነገሩ ከግድብና ከተርባይን አይለይም። ተርባይኑ ሲዘጋ የሚቀረው የኦክስጅን ፍጆታ በግድቡ ስንጥቅ ለሚፈሰው ማካካሻ ነው። ሦስተኛ ኤፍሲሲፒ በጥቂት በጥቂቱ እየተጨመረ ኦክስጅኑን የሚጠቀመው የመተንፈሻ ሰንሰለት ከፍተኛ አቅም ይታያል። በመጨረሻ ሮቴኖንና አንቲማይሲን ሰንሰለቱን ይዘጉታል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ፍጆታ የሚቶኮንድሪያ አይደለም።

ሮቴኖን በትንሽ ጠርሙስ ከውጭ አገር፣ በውድ ዋጋ ነው የሚመጣው። ጋሼ የጠርሙሱን ጽሑፍ አንብበው ምን እንደሚሠራ ጠየቁኝ፤ የመተንፈሻ ሰንሰለቱን የመጀመሪያ ክፍል እንደሚዘጋ፣ በተፈጥሮም በአንዳንድ የባቄላ ዘመድ ዛፎች ፍሬ ውስጥ እንደሚገኝ ስነግራቸው ሳቁ። "ብርብራ ነዋ!" አሉ። እውነታቸውን ነው። በሲዳማና በጌዴኦ የቡና ማሳ ላይ ጥላ የሚሆነው የብርብራ ዛፍ ፍሬው ሮቴኖን አለው፤ ፍሬው ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲበተን ዓሣው ደንዝዞ ወደ ላይ እንደሚንሳፈፍ የገጠር ሰው ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። ዓሣው በውኃው ውስጥ ኦክስጅን እያለ ሊጠቀምበት አይችልም፤ በእኛ ኤሌክትሮድ ላይ መስመሩ በድንገት ሲጋደም የምናየው ያንኑ ነው። ጠርሙሱን በብርብራ ለመተካት ግን አላሰብንም፤ ፍሬው ሌሎች ብዙ ንጥረ ነገሮች ስላሉት መጠኑ አይታወቅም።

ግንቦት

የሦስቱ ቡድኖች ልኬት ተጠናቋል። ያረጀው ሕዋስ በነፍስ ወከፍ ከሁለቱም ወጣት ቡድኖች የበለጠ ኦክስጅን ይጠቀማል። ነገር ግን ኦሊጎማይሲን ከገባ በኋላ የሚቀረው ድርሻ፣ ማለትም በከንቱ የሚፈሰው፣ በያረጀው ውስጥ ከፍ ያለ ነው፤ በኤፍሲሲፒ የሚታየው መጠባበቂያ አቅም ደግሞ በሲትሬት ሲንቴዝ ሲካፈል ዝቅ ያለ ነው። በጊዜያዊነት የቆመው ወጣት ሕዋስ በሁለቱም መለኪያ ከሚከፋፈለው ወጣት ብዙም አልራቀም። የአማካሪዬ ጥያቄ በዚህ መልስ አግኝቷል፤ ልዩነቱ በመቆም ብቻ የሚገለጽ አይደለም።

ይህን "ሚቶኮንድሪያው ስለደከመ ሕዋሱ አረጀ" ብሎ ለማንበብ ግን የሚፈቅድ ማስረጃ በእጃችን የለም። ዴንሃም ሃርማን እ.ኤ.አ. በ1956 ፍሪ ራዲካል የእርጅና መንሥኤ ነው ብሎ ካቀረበ፣ በ1972 ደግሞ ሚቶኮንድሪያን እንደ ሕይወት ሰዓት ከቆጠረ ወዲህ ይህ አነጋገር ቀላል ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2016 ኮሬያ-ሜሎና ባልደረቦቿ ያሳተሙት ሥራ ግን ነገሩን አወሳስቦታል። ያረጁ ሕዋሳት ሚቶኮንድሪያቸው እንዲጠፋ ሲደረግ፣ ብዙዎቹ የእርጅና መለያዎች፣ በተለይም ሕዋሱ ወደ ዙሪያው የሚረጫቸው እብጠት ቀስቃሽ ፕሮቲኖች ቀነሱ፤ መከፋፈሉ ግን አልተመለሰም። በዚህ አነጋገር ሚቶኮንድሪያ ለያረጀው ሕዋስ የጎደለ ነገር ሳይሆን እርጅናውን የሚያቀጣጥል ማገዶ ሊሆን ይችላል። የእኛ ልኬት ከሁለቱም ጋር ሊስማማ ስለሚችል፣ በሪፖርቱ ውስጥ "ከእርጅና ጋር አብሮ ይታያል" ከማለት አናልፍም።

በገበያ ላይ ለ"ሚቶኮንድሪያ ማጠናከሪያ" ተብለው የሚሸጡ ክኒኖችን በተመለከተ ከሴሚናሩ በኋላ ተጠይቄ ነበር። ፍላስክ ውስጥ ካለ ፋይብሮብላስት ተነሥቶ ለሰው ክኒን ማዘዝ የሚያስችል መንገድ የለም፤ ማንም ከዚህ ሥራ እንዲህ ያለ ነገር ጠቅሶ ቢገኝ ከእኛ አይደለም።

ለሪፖርቱ የሰንጠረዡ ቅርጽ ተወስኗል። እያንዳንዱ ልኬት በሦስት ዓምድ፣ በሕዋስ፣ በፕሮቲንና በሲትሬት ሲንቴዝ ተካፍሎ ይቀርባል፤ ከሰንጠረዡ ግርጌ የአየሩ ግፊት፣ የካርቦን ዳይኦክሳይዱና የኦክስጅኑ መጠን በመቶኛ ሳይሆን በሚሊሜትር ሜርኩሪ ይጻፋል። በሣጥኑ ውስጥ በ3 በመቶ ኦክስጅን ያለው መስመር ከተራ አየሩ መስመር የእጥፍ ቁጥር አልፎ አሁንም እየተከፋፈለ ነው፤ ፍጥነቱ ግን ከባለፈው ወር መቀነስ ጀምሯል። እርሱ ሲቆም ያው ልኬት ከመጀመሪያው ይደገማል፤ ለዚያ የሚበቃ ሴረም ከአንድ የምርት ዙር ተመድቦ በማቀዝቀዣው ውስጥ ተለይቶ ተቀምጧል።